የአንድ ቆጣሪ ጎረቤቶች

በአንድ ግቢ የሚኖሩ ቤተሰቦች በጋራ የሚይዙት ነገር ብዙ ነው። የግቢው በር አንድ ነው፤ የውኃው ቧንቧ አንድ ነው፤ የልብስ ማስጫው ገመድም፥ በክረምት ጭቃ እንዳይረገጥ የተነጠፈው ድንጋይም የሁሉ ነው። በእነዚህ ነገሮች ጠብ አይጠፋም፤ ነገር ግን ጠቡ በዐይን በሚታይ ነገር ላይ ስለ ሆነ ሽማግሌ ገብቶ ያበርደዋል። ባልዲውን ማን እንዳስቀደመ፥ ደጁን ማን እንዳልጠረገ ሁሉ ያየዋል። የኤሌክትሪክ ኃይል ግን እንዲህ አይደለም። ድምፅ ሳያሰማና ሳይታይ ከቤት ወደ ቤት ይገባል፤ ምን ያህል እንደ ተወሰደ የሚያውቀው በበሩ አጠገብ የተሰቀለው ቆጣሪ ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን ድምሩን እንጂ የየቤቱን ድርሻ አያውቅም።

ስለዚህ ወሩ አልቆ ሂሳቡ በመጣ ጊዜ ጥርጣሬ ይነሣል። ጥርጣሬ ሐሜትን፥ ሐሜትም ኩርፊያን ይወልዳል። ኩርፊያውም በግቢው በር አይቆምም፤ እስከ ቤተ ክርስቲያን ይከተላል። በአንድ ቆጣሪ የሚበራላቸው ሁለት ክርስቲያኖች በአንድ ቅዳሴ ቆመው፥ ዲያቆኑ ምእመናን እርስ በርሳቸው ሰላም እንዲባባሉ በሚያዝዝበት ሰዓት አንዱ ከሌላው ፊቱን ያዞራል። ነገሩ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ እንጂ የሃይማኖት መጽሔት ጉዳይ አይደለም የሚል አንባቢ ቢኖር፥ ይህን ፊት ማዞር እንዲያስብልን እንለምነዋለን።

አስቀድመን የነገሩን አመጣጥ እንመልከት። በአገራችን የኤሌክትሪክ መብራት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በቤተ መንግሥት ተጀመረ። ከዚያ በኋላ የአባ ሳሙኤል ግድብ ለአዲስ አበባ ኃይል ሰጠ፤ የቆቃም ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ፤ በየጊዜው ሌሎችም ተጨመሩ፤ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። እንዲህ ያለው ታላቅ ወንዝ ተገድቦ፥ ኃይሉ በረዥም ምሰሶ ተራራ አቋርጦ ከከተማ ከደረሰ በኋላ፥ የመጨረሻውን መንገድ የሚሄደው በአንድ ግቢ ውስጥ በተዘረጋች ቀጭን ሽቦ ነው። ግድቡን የሠራው መሐንዲስ ሥራውን ፈጽሟል፤ የመጨረሻዋን ሃያ እርምጃ የምናስተዳድር ግን እኛ ነን።

አንድ ቆጣሪ ለብዙ ቤተሰብ የሆነበት ምክንያትም የታወቀ ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ከሆነ በኋላ፥ ለአንድ ባለቤት ተብለው የተሠሩ ሰፋፊ ግቢዎች በብዙ ቤተሰብ ተይዘዋል። ከዚያም ወዲህ ከተማው እየሰፋ፥ የቤት ኪራይም እየተወደደ ስለ ሄደ፥ ቤት ያለው ሁሉ በጓሮው አንድ ክፍል፥ ሁለት ክፍል እየጨመረ ያከራያል። ቤቱ ይበዛል፤ ቆጣሪው ግን ያው አንዱ ነው። አዲሱ ተከራይ በመጣ ቁጥር ከዋናው ቤት ሽቦ ይሳባል፤ ከዚያም ቤት ወደ ቀጣዩ ቤት ይቀጠላል። እንግዲህ ሳይመካከሩ፥ ውልም ሳይጽፉ፥ አምስትና ስድስት ቤተሰብ የአንድ ማኅበር አባላት ሆነው ይገኛሉ። ዝክሩና ጽዋው የሌለ፥ ክፍያው ግን ወር ጠብቆ የሚመጣ ማኅበር ነው።

አሁን ቆጣሪው የሚቈጥረው ምን እንደ ሆነ እናስረዳ፤ የጠቡ ግማሽ ካለማወቅ የሚመጣ ነውና። ቆጣሪው የአምፖሉን ቍጥር ወይም የሰዉን ብዛት አይቈጥርም። የሚቈጥረው የመሣሪያው ኃይል በሠራበት ሰዓት ተባዝቶ የሚገኘውን ነው። 1,000 ዋት የሚወስድ መሣሪያ አንድ ሰዓት ሙሉ ቢሠራ፥ ይህ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ይባላል። ገበያው ዛሬ የሚሸጠው ኃይል ቈጣቢ አምፖል 10 ዋት ያህል ይወስዳል። የእንጀራ መጋገሪያው የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን 3,500 ዋት ያህል ይፈልጋል። ይህ ምጣድ በሙሉ ኃይሉ ሁለት ሰዓት ቢሠራ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ያ አንድ አምፖል በየሌሊቱ አምስት ሰዓት ቢበራ፥ ይህንኑ 7 ኪሎዋት ሰዓት ለመጨረስ 140 ሌሊት፥ ማለት አራት ወር ከሃያ ቀን ይፈጅበታል። እንግዲህ ጎረቤቱ አምፖሉን ሳያጠፋ አደረ ብሎ የሚቈጣ ሰው፥ ቍጣው ከነገሩ ጋር የማይመጣጠን መሆኑን ይወቅ፤ የሁለት ሰዓት ጋገራ የብዙ ወር መብራት ነውና።

ሂሳቡ በየግቢው በልዩ ልዩ መንገድ ይከፈላል። አንዳንዱ ግቢ በቤት ቍጥር እኩል ያካፍላል። ይህ ቀላል ነው፤ ንትርክም የሌለበት ይመስላል። ሌላው በሰው ቍጥር ያካፍላል። ሦስተኛው የመሣሪያውን ዐይነት እየቈጠረ፥ ለአምፖል ይህን ያህል፥ ለቴሌቪዥን ይህን ያህል፥ ለምጣድ ይህን ያህል እያለ ይተምናል። ከሦስቱ ሦስተኛው ወደ እውነት ይቀርባል፤ ሆኖም መሣሪያው ስንት ሰዓት እንደ ሠራ ስለማያውቅ እርሱም ግምት ነው።

አምስት ቤተሰብ ያሉበትን ግቢ በምሳሌ እናስብ። በወር 400 ኪሎዋት ሰዓት ተጠቅመው 1,000 ብር እንዲከፍሉ ተጠየቁ እንበል። በጓሮው ጫፍ የሚኖሩት አንዲት አሮጊት ባልቴት ሁለት አምፖልና አንዲት ሬዲዮ ብቻ ስላላቸው 4 ኪሎዋት ሰዓት ተጠቀሙ። ከእርሳቸው ቀጥሎ የምትኖረው እናት ልጆቿን የምታሳድገው እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ስለ ሆነ፥ በወር 20 ቀን፥ በቀንም አራት ሰዓት ምጣዷን ስታነድ 280 ኪሎዋት ሰዓት ፈጀች። የቀሩት ሦስቱ ቤተሰቦች በጠቅላላው 116 ተጠቀሙ። ሂሳቡ በእኩል ቢካፈል ለእያንዳንዱ 200 ብር ይደርሳል። በተጠቀሙት መጠን ቢካፈል ግን ባልቴቲቱ 10 ብር፥ እንጀራ ጋጋሪዋ 700 ብር፥ የቀሩት ሦስቱ በአንድነት 290 ብር ይከፍላሉ። እንግዲህ እኩል ማካፈል ባልቴቲቱን በየወሩ 190 ብር ያስወጣቸዋል ማለት ነው። ይህን ገንዘብ በቅሚያ የወሰደባቸው ሰው የለም፤ ማንም ክፉ አላሰበባቸውም፤ ገንዘቡ ግን ከእጃቸው ወጥቷል።

ነገሩ ከዚህም የባሰ ገጽ አለው። በአገራችን የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በደረጃ የሚያድግ ነው፤ ጥቂት የሚጠቀም ሰው ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው ዋጋ ዝቅተኛ ነው፤ ብዙ በተጠቀመ መጠን ዋጋው ይጨምራል። እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ ለብዙ ዓመታት በጸናው ታሪፍ፥ የመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎዋት ሰዓቶች እያንዳንዳቸው 27 ሳንቲም ገደማ ሲሆኑ፥ ከ500 በላይ ያለው ግን 69 ሳንቲም ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዋጋው ቢለወጥም ሥርዐቱ ያው ነው። የተዘጋጀውም ድኻው በአነስተኛ ዋጋ መብራት እንዲያገኝ ነው። አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ግን ቆጣሪው አምስቱን እንደ አንድ ትልቅ ቤት ይቈጥራቸዋል። ለስሌት እንዲቀልል፥ የመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት በአንድ ብር፥ ከዚያ በላይ ያለው በሁለት ብር ነው እንበል። እያንዳንዳቸው 50 የሚጠቀሙ አምስት ቤተሰቦች በየራሳቸው ቆጣሪ ቢሆኑ ጠቅላላ ሂሳባቸው 250 ብር ይሆናል። በአንድ ቆጣሪ ቢሆኑ ግን ለመጀመሪያው 50 ብር፥ ለቀሪው 200 ኪሎዋት ሰዓት 400 ብር፥ በጠቅላላው 450 ብር ይከፍላሉ። ስለዚህ ለድኻ የታሰበው ዝቅተኛ ዋጋ፥ በአንድ ቆጣሪ ለተሰበሰቡ ድኾች ሳይደርስ ይቀራል። ፍጹሙ መድኃኒት ለየቤቱ የራሱን ቆጣሪ ማስገባት መሆኑ ከዚህ ይታወቃል፤ ማስገባት የሚቻለው ሁሉ ቢያመለክትና ቢጠባበቅ መልካም ነው። ዛሬ ለማይቻለው ሰው ግን ዛሬ የሚኖርበትን ሥርዐት መስጠት ይገባል።

በዚህ ስፍራ የሐዋርያትን ሥራ ስድስተኛ ምዕራፍ እናስታውስ። በኢየሩሳሌም የነበሩት ምእመናን ሀብታቸውን በአንድነት አድርገው፥ ማዕዳቸውን በአንድነት ይበሉ ነበር። ፍቅራቸው እንዲህ ያለ ሆኖ ሳለ፥ በየዕለቱ በሚደረገው እደላ የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ ባልቴቶች ተረሱና ማጕረምረም ተነሣ። ሐዋርያት ምን አደረጉ? ያጕረመረሙትን ፍቅር የጐደላችሁ ብለው አልገሠጿቸውም። ነገሩ ትንሽ ነው ብለው አላለፉትም። የተመሰከረላቸውና ጥበብ ያላቸው ሰባት ሰዎች በሕዝቡ እንዲመረጡ አድርገው በእደላው ላይ ሾሙ። የሰባቱም ስሞች የግሪክ ስሞች መሆናቸውን ልብ እንበል፤ በእደላው ላይ የተሾሙት ተረሳን ከሚሉት ወገን ጋር በቋንቋ የሚቀራረቡ ይመስላል። ከእነርሱ አንዱ ቤተ ክርስቲያናችን ጥቅምት 17 ቀን ሹመቱን የምታስበው ሊቀ ዲያቆናት ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። በሰማዕትነት የቀደመው ሰው መጀመሪያ የተሾመው እንጀራ በትክክል እንዲታደል ነበር። ቅዱስ እስጢፋኖስ ያልናቀውን ሥራ እኛ የመብራት ሂሳብ ነው ብለን ልንንቀው አይገባንም።

ከዚህ ታሪክ ለግቢያችን የሚሆን አንድ ትምህርት እናገኛለን። ስሌትና ምጽዋት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ስሌቱ በግልጽ፥ ምጽዋቱ በስውር ሊሆን ይገባል። እኛ ግን ብዙ ጊዜ እንገለብጣቸዋለን። ሂሳቡን እንሸሽገዋለን፤ ቸርነታችንን ግን በአደባባይ እናወራለን። አከራዩ ደረሰኙን በኪሱ ይዞ ለእናንተ ስል ቀንሼ ነው የማስከፍላችሁ ይላል፤ ተከራዩ ስንት እንደ ተጠየቀ ስለማያውቅ ማመስገንም ማመንም ያቅተዋል። ሂሳቡ በግልጽ ከተነገረ በኋላ የተደረገ ቸርነት ግን እውነተኛ ቸርነት ነው። ለምሳሌ የባልቴቲቱ ድርሻ 10 ብር መሆኑ በመዝገብ ከተጻፈ በኋላ፥ ከጎረቤቶች አንዱ ያን 10 ብር ለመዝገብ ያዡ ቀድሞ ከፍሎ ዝም ቢል፥ እርሳቸውም እትዬ፥ የእርስዎ ተከፍሏል ቢባሉ፥ ይህ ጌታችን በተራራው ስብከቱ እንዳስተማረው ግራ እጅ የማያውቀው የቀኝ እጅ ምጽዋት ነው። ሂሳቡ ተደበላልቆ በእኩል ቢካፈልና በኋላ ሰዎቹ ለባልቴቲቱ እናዝናለን ቢሉ ግን፥ 190 ብራቸውን ወስደው 10 ብር እንደ መስጠት ይቈጠራል።

ይህ እንጀራ ጋጋሪዋን ለመክሰስ የተነገረ አይደለም። እርሷ ሌባ አይደለችም፤ እኩል ክፈሉ ተባለች፥ እኩል ከፈለች። ነገር ግን እውነተኛው ሂሳብ ከታወቀ በኋላ በአሮጌው መንገድ ልቀጥል ብትል፥ ጎረቤቶቿ ሳያውቁ የንግዷን ወጪ እንዲሸከሙ ማድረጓ ነው። የእንጀራዋ ዋጋ የምጣዷን ወጪ ጨምሮ ሊተመን ይገባል። በአንድ ጊዜ ከ200 ብር ወደ 700 ብር መውጣት ከከበዳት ደግሞ፥ ጎረቤቶቿ ተስማምተው በሁለትና በሦስት ወር ቀስ በቀስ እንድትደርስ ጊዜ ቢሰጧት፥ ይህ ዐውቀው የሰጡት ስለ ሆነ ዋጋ አለው።

ቆጣሪው በስሙ የሆነለት አከራይ ከሁሉ የበለጠ ኃላፊነት አለበት። በኦሪት ዘሌዋውያን በ19ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር ሚዛንና መስፈሪያ እውነተኛ እንዲሆን ያዝዛል። በዚያ ዘመን መስፈሪያው እህል ነበር፤ በዛሬው ግቢ መስፈሪያው ቆጣሪ ነው። ከተጠየቀው በላይ ሰብስቦ ትርፉን የሚያስቀር አከራይ፥ የውኃ መሳቢያውንና የራሱን ቤት ፍጆታ በተከራዮቹ ላይ የሚደለድልም አከራይ፥ መስፈሪያውን ያጐደለ ነጋዴ ነው። ኪራይ ቢያንሰው ኪራይ ይጠይቅ፤ በመብራት ስም ግን አይሰብስብ።

ከዚህም የሚከፋ አንድ ልማድ አለ። አንዳንድ አከራይ ሂሳብ እንዳይበዛ ብሎ ከምሽቱ 3 ሰዓት የተከራዮቹን መስመር ከዋናው ማብሪያ ማጥፊያ ያጠፋል። እኛ መምህራን ይህን የምናውቀው በማግሥቱ ነው። የቤት ሥራውን ሳይጨርስ የመጣው ልጅ ምክንያቱን ሲጠየቅ አንገቱን ይደፋል፤ መብራት ጠፋብን ይላል፤ የጠፋው ግን የመንደሩ መብራት አይደለም፤ የእርሱ ቤት ብቻ ነው። አስቀድመን ባደረግነው ስሌት፥ ያ ልጅ በ10 ዋት አምፖል ሁለት ሰዓት ቢያጠና የሚፈጀው 20 ዋት ሰዓት፥ ማለት የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ሃምሳኛ እጅ ነው። ለዚህች ሃምሳኛ እጅ የልጅን ትምህርት የሚያጨልም ሰው፥ በትርፍና በኪሳራ ስሌት እንኳ ብንመዝነው ተሳስቷል። የሚያስፈራው ምጣድ ከሆነ ስለ ምጣዱ ይነጋገር፤ መብራቱን አያጥፋ።

አንድ አንባቢ በማቴዎስ ወንጌል በ25ኛው ምዕራፍ ስለ ተጻፉት ዐሥር ደናግል ይጠይቀን ይሆናል። አምስቱ ልባሞች ዘይታቸውን ለሰነፎቹ አላካፈሉም፤ ስለዚህ ለጎረቤት መብራት አለመስጠት ተፈቅዷልን? አይደለም። አበው ያን ዘይት በምግባር ይተረጕሙታል፤ ምግባር ደግሞ ከሰው ተበድረው የሚያቀርቡት ነገር አይደለም። ይልቁንም የምሳሌው ትምህርት የሚደርሰን በሌላ ወገን ነው፤ መብራቱን ለጎረቤቱ የሚያካፍል ሰው ያን የማይካፈለውን ዘይት በማሰሮው ይሰበስባል።

ከሂሳቡ ቀጥሎ ስለ ሽቦው እንናገር፤ ይህ የነፍስ ጉዳይ ነውና። በአገራችን የቤት ኤሌክትሪክ ግፊት 220 ቮልት ነው። 3,500 ዋት የሚወስደው ምጣድ በዚህ ግፊት 16 አምፔር ያህል ይስባል። በአንድ ግቢ ሁለት ምጣዶች አብረው ቢጣዱ 32 አምፔር ይሆናል። በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ግን ከጅረቱ ጋር እኩል አይጨምርም፤ ጅረቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ለአምፖል ተብላ የተዘረጋች ቀጭን ሽቦ ከቤት ወደ ቤት ተቀጥላ ምጣድ እንድትሸከም ብትደረግ፥ በናስትሮ በተጠቀለለው መጋጠሚያ ላይ ትግላለች፤ ልባሷ ይቀልጣል፤ ከዚያም በኋላ ጣራው ኮርኒስ ወይም ጨርቅ ከሆነ እሳት ይነሣል። እሳትም የየትኛው ቤት ሽቦ እንደ ሆነ አይጠይቅም፤ ግድግዳቸው የተያያዘ ቤቶችን በአንድነት ይበላል።

ስለዚህ ምጣድ ራሱን የቻለ ወፍራም መስመርና ለእርሱ የሚመጥን ብሬከር ይኑረው፤ ይህንም የሚሠራው ሙያ ያለው ሰው ይሁን። ፊውዝ በተቃጠለ ጊዜ በእርሱ ፈንታ ወፍራም ሽቦ መጠምዘዝ ዘበኛውን አስሮ በሩን ክፍት እንደ መተው ነው፤ ፊውዙ የተቃጠለው ቤቱ እንዳይቃጠል ነበርና። ማከፋፈያ በማከፋፈያ ላይ አይሰካ፤ በእርሱም ምጣድ አይሠራ። ሶኬቱ ቢሞቅ ወይም የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ ቢመጣ፥ ዋናውን ማጥፊያ አጥፍቶ ሠራተኛ መጥራት ይገባል። የኤሌክትሪክ እሳት በተነሣ ጊዜም ኃይሉ ሳይቋረጥ ውኃ ማፍሰስ አይገባም፤ ውኃው ራሱ ኤሌክትሪኩን ወደ ሰውየው ሊያመጣው ይችላል።

ምጣዶቹ በአንድነት የሚጣዱበት ቀን ደግሞ የታወቀ ነው። በበዓላት ዋዜማ፥ ይልቁንም በፋሲካ ዋዜማ፥ በአንድ ግቢ ያሉ እናቶች ሁሉ በአንድ ሰዓት ይጋግራሉ። መብራቱም በዚያው ሰዓት ይቋረጣል፤ የግማሹ ሊጥ በቡሃቃው ይቀራል፤ ከሁዳዴ ጾም የወጣ አፍ በስድብ ይጀምራል። ይህን ለማስቀረት ገንዘብ አያስፈልግም፤ ተራ ብቻ ይበቃል። በሰሙነ ሕማማት መጀመሪያ ላይ እናቶች ተነጋግረው፥ አንዷ በዓርብ ፋንታ ሐሙስ፥ ሌላዋ ቅዳሜ ጧት፥ ሦስተኛዋ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ እንድትጋግር ቢወስኑ፥ ሁሉም ለሌሊቱ ቅዳሴ በሰላም ይደርሳሉ። የታመመ ወይም የወለደች ሴት ያለችበት ቤት በተራው ይቅደም።

ሂሳቡን ለማስተካከልም ሕዝባችን ሥራውን ዐዲስ ሆኖ አያገኘውም፤ ዕድርና ዕቁብ አስተምረውታልና። ዕድር ዳኛ፥ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ መዝገቡ በሁሉ ፊት ይነበባል፤ ሲነበብም የሚያፍር የለም። ቆጣሪውም እንዲሁ ይያዝ። ከተቻለ በየቤቱ ትንሽ ንዑስ ቆጣሪ ይተከል። በየወሩ በተወሰነ ቀን፥ ዋናው ቆጣሪ በሚነበብበት ሰሞን፥ ሁለት ሰዎች አብረው ሁሉንም አንብበው ይጻፉ። ከሁለቱ አንዱ ተከራይ ይሁን፤ የሰባቱን ዲያቆናት ምርጫ እናስታውስ። የንዑሳኑ ድምር ከዋናው ጥቂት ያንሳል፤ የግቢው በር መብራት አለና፥ በሽቦውም ላይ የሚባክን አለና። ይህን ልዩነት ሌብነት ብለን አንጠርጥር፤ በእኩል እንካፈለው። ልዩነቱ ያለ ምክንያት እጅግ ቢሰፋ ግን ሽቦው ይመርመር። ደረሰኙም ሁሉ በሚያየው ስፍራ ይለጠፍ።

ንዑስ ቆጣሪ መግዛት የማይቻልበት ግቢ የመሣሪያውን ኃይልና የሚሠራበትን ሰዓት በቅንነት ጽፎ ይተምን፤ በሦስት በሦስት ወርም ትመናውን ይከልስ። ቆጣሪው የካርድ የሆነ እንደ ሆነ፥ ገንዘቡ ባለቀ ጊዜ ሁሉም በአንድነት ስለሚጨልምባቸው፥ መዋጮው ከማለቁ በፊት በታወቀ ቀን ይሰብሰብ፤ ማን ይሙላ እያሉ በጨለማ መጠባበቅ እልህን ያሳድጋል እንጂ ብርሃን አያመጣም።

አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በሂሳብ የተማረረ ግቢ አንዳንድ ጊዜ በጋራ ወደ ክፉ ምክር ይሄዳል፤ ቆጣሪውን አታሎ ወይም ከቆጣሪው በፊት ከመስመሩ ቀጥሎ መጠቀምን ያስባል። ይህ በሕግ የሚያስቀጣ ከመሆኑም በላይ ስርቆት ነው። የመንግሥት ነው በማለት አይቀልም፤ ግድቡ የተሠራው ከብዙ ድኻ ሕዝብ በተሰበሰበ ገንዘብ ነው፤ በገጠርም እስከ ዛሬ በኩራዝ የሚያመሽ ወገን አለን። አብረው የሰረቁ ጎረቤቶች ተስማሙ አይባልም።

እንግዲህ ግቢ ያላችሁ ደረሰኙን አውጡ፤ ተከራዮችም የምትጠቀሙትን አትሸሽጉ፤ እናቶች ሆይ፥ ተራውን እናንተ ሥሩ፤ ሽማግሌዎችም ጠብ እስኪነሣ ሳትጠብቁ መዝገቡን አስጀምሩ። በሚቀጥለው ወር ቆጣሪው በሚነበብበት ቀን የግቢው ሰዎች ለሩብ ሰዓት በአንድነት ቢቆሙ ሥራው ይጀመራል። የጓሮዋ ባልቴት በዚያን ቀን ስለ ድርሻቸው እውነቱን ይሰሙ፤ ከእነርሱም መካከል የሚከፍልላቸው ሰው ቢኖር በዝምታ ይክፈል።

የብርሃን አባት እግዚአብሔር ቤታችንን በሰላም፥ ልባችንንም በቅን ፍርድ ያብራልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።